የኤክስ ዘንግ ስቴፐር ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ የዋይ ዘንግ ሰርቮ ደግሞ ክቡን ሞላላ ያደርገዋል፤ ከየት ልጀምር?

ጠራቢ፦

ጤና ይስጥልኝ። አሉሚኒየምና ለስላሳ ብረት የምጠርብበት ባለ ሦስት ዘንግ ማሽን አለኝ። የኤክስና የዜድ ዘንጎች በስቴፐር ሞተር (በተቆጠሩ ትናንሽ እርምጃዎች በሚዞር ሞተር) ይንቀሳቀሳሉ፤ የዋይ ዘንግ ግን የቀድሞው ስቴፐር ስለተቃጠለ በ750 ዋት ሰርቮ (ያለበትን ቦታ እየለካ ራሱን በሚያርም ሞተር) ተተክቷል። ሦስቱም ዘንጎች በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ቦል ስክሩ (ዙሩን ወደ ቀጥታ ጉዞ የሚለውጥ ባለ ጥርስ ብረት) አላቸው። የስቴፐሮቹ ድራይቮች (ሞተሩን የሚነዱት የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች) በ8 ማይክሮስቴፕ ላይ ስለሆኑ፣ ማለትም እያንዳንዱን የሞተሩን ሙሉ ስቴፕ በ8 ስለሚከፋፍሉ፣ አንድ ዙር 1600 ፐልስ (የእርምጃ ምልክት)፣ አንድ ሚሊሜትር ደግሞ 320 ፐልስ ይሆናል።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛው በኤክስ ዘንግ ላይ ነው። ብዙ ደርሶ መልስ ያለበት ቅርጽ ስሠራ ዘንጉ ከመነሻው ነጥብ ይሸሻል። በመጨረሻው ሥራ 240 ደርሶ መልስ ካደረገ በኋላ ወደ ዜሮ ስመልሰው 1.5 ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ርቆ ቆመ፤ የሚሸሸውም ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው። ረጅምና ቀጥ ያለ ቁርጥ ግን ለሰዓታት ቢሠራ አይሳሳትም። የሞተሩ ጉልበት ያነሰ መስሎኝ የድራይቩን አምፔር ከ3 ወደ 4.2 ከፍ አደረግሁት። የሞተሩ ሰሌዳ 3 አምፔር ይላል። ሞተሩ ከመጋሉ በቀር የተለወጠ ነገር አላየሁም።

ሁለተኛው የዋይ ዘንግ ሰርቮ ነው። ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር የሆነ ክብ በደቂቃ 2400 ሚሊሜትር ፍጥነት ስቆርጥ በኤክስና በዋይ አቅጣጫ ስለካው ልክ 100 ይሆናል፤ በሰያፍ ስለካው ግን አንደኛው ሰያፍ 101፣ ሌላኛው 99 ሆኖ ይገኛል። ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 300 ሚሊሜትር ዝቅ ሳደርገው የሁለቱ ሰያፎች ልዩነት ወደ ሩብ ሚሊሜትር ይወርዳል። ራሱን በራሱ እንዲያስተካክል የድራይቩን አውቶማቲክ ማስተካከያ ሞክሬ ነበር፤ የዘንጉ ርዝመት አልበቃውም መሰለኝ ሳይጨርስ አቋረጠ። ስለዚህ የኢነርሺያ ምጥጥኑን (ጭነቱ ለመዞር ያለው እምቢታ ከሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል፣ ከሮተሩ፣ ጋር ሲነጻጸር) ጠረጴዛው ከባድ ነው ብዬ በግምት 500 በመቶ አድርጌ አስገባሁ። ከዚያ የፍጥነት ጌይኑን (ድራይቩ ለፍጥነት ስህተት የሚሰጠውን ምላሽ ብርታት) ትንሽ ከፍ ሳደርገው ሞተሩ ይጮሃል።

ኤክስንም ወደ ሰርቮ ለመለወጥ እያሰብሁ ነው። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ልምድ ያላችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ሽቦ አሳሪ፦

እባክዎ ሞተሩን አይለውጡ፤ በጻፉት ቁጥር ውስጥ መልሱ ተቀምጧል። ስቴፐር ጉልበት ሲያንሰው የሚስተው ብዙ ስቴፕ በአንድ ጊዜ ነው፤ ስህተቱም አንድ ቀን ትልቅ፣ አንድ ቀን ትንሽ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይሆናል። የእርስዎ ግን በደርሶ መልሱ ብዛት ልክ ያድጋል፣ አቅጣጫውም አይለወጥም። 1.5 ሚሊሜትርን ለ240 ቢያካፍሉት 0.00625 ሚሊሜትር ይደርስዎታል። የእርስዎ አንድ ፐልስ 0.003125 ሚሊሜትር ስለሆነ ይህ ልክ ሁለት ፐልስ ነው። ጉልበት ያነሰው ሞተር በእያንዳንዱ ደርሶ መልስ ልክ ሁለት ማይክሮስቴፕ እየቆጠረ ሊስት አይችልም። ይህ የምልክት ጊዜ አጠባበቅ ችግር ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ድራይቩ ፐልሱን የሚቆጥረው የስቴፕ ምልክቱ በአንደኛው ጠርዝ ላይ፣ ለምሳሌ ከዝቅታ ወደ ከፍታ በሚዘልበት ቅጽበት ነው። የአቅጣጫው ምልክት ከዚያ ቅጽበት ቀድሞ ተለውጦና ተረጋግቶ መጠበቅ አለበት፤ ብዙ ድራይቮች ቢያንስ 5 ማይክሮሴኮንድ ይጠይቃሉ። መቆጣጠሪያው የስቴፕ ምልክቱን ገልብጦ የሚልክ ከሆነ ድራይቩ የሚቆጥርበት ጠርዝና አቅጣጫው የሚለወጥበት ጊዜ ይገጣጠማሉ። በመግቢያው ላይ ያለው ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግር ክፍል) ደግሞ ለመብራትና ለመጥፋት የሚወስድበት ጊዜ እኩል አይደለም፤ በዚህም ምክንያት ከቀኝ ወደ ግራና ከግራ ወደ ቀኝ ከሚደረጉት ሁለት መዞሮች አንደኛው በትክክል ያልፋል፣ በሌላኛው ግን የመጀመሪያው ፐልስ በአሮጌው አቅጣጫ ይቆጠራል። ወደ ግራ መሄድ የነበረበት አንድ ፐልስ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ልዩነቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ፐልስ ይሆናል። ሁለቱም መዞሮች እኩል ቢሳሳቱ ኖሮ ስህተቱ እየተጣፋ ስለሚሄድ ጨርሶ አያስተውሉትም ነበር።

ከማመንዎ በፊት ይፈትኑት። መቁረጫውን አውጥተው፣ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መነቃነቅ በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) በጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ በደቂቃ 300 ሚሊሜትር ፍጥነት የ2 ሚሊሜትር እርምጃ 200 ጊዜ ያመላልሱት። ሽሽቱ 1.25 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ቀጥለው ድራይቩን ወደ 16 ማይክሮስቴፕ፣ የመቆጣጠሪያውን ቁጥር ደግሞ በሚሊሜትር ወደ 640 ፐልስ ለውጠው ይድገሙት። የምለው ትክክል ከሆነ ሽሽቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የጉልበት ችግር ቢሆን ግን ማይክሮስቴፕ ስለተለወጠ ብቻ በግማሽ የሚቀንስበት ምክንያት የለም።

ስለ አምፔሩ አንድ ነገር ልጨምር። በድራይቩ ላይ ያለው ሠንጠረዥ የጫፍ አምፔር (ሞገዱ የሚደርስበት ከፍተኛው) ነው ወይስ ውጤታማ አምፔር (RMS) የሚለውን ከመመሪያው ያረጋግጡ። የሞተሩ 3 አምፔር አብዛኛውን ጊዜ ውጤታማው ስለሆነ በጫፍ ሲቆጠር 3 በ1.41 ተባዝቶ 4.2 ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ አሁን ያደረጉት ልክ ነው። ሠንጠረዡ ውጤታማውን የሚያሳይ ከሆነ ግን ሞተሩን 40 በመቶ ከልኩ በላይ እየጫኑት ነው። የሽቦው ሙቀት በአምፔሩ ስኩዌር ስለሚያድግ የሚባክነው ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል። ድራይቩ ሞተሩ ሲቆም አምፔሩን በግማሽ የሚቀንስበት ማብሪያ ካለው ያብሩት።

ቀጭን መስመር፦

በዚሁ አጋጣሚ ማይክሮስቴፑን እስከ 64 ከፍ ቢያደርጉት ስህተቱ ራሱ በስምንት ተካፍሎ የማይታይ ይሆናል፤ እንቅስቃሴውም ይለሰልሳል። እኔ በማሽኔ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ሽቦ አሳሪ፦

በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም ስህተቱን መደበቅ እንጂ ማስወገድ አይሆንም፤ ሺህ ደርሶ መልስ ያለው ሥራ ሲመጣ ተመልሶ ይታያል። ከዚህም ሌላ ማይክሮስቴፕ በጨመረ ቁጥር አንዷ ማይክሮስቴፕ የምታመነጨው ጉልበት ይሳሳል። በ8 ማይክሮስቴፕ አንዱ እርምጃ ከሞተሩ የመያዣ ቶርክ (ቆሞ የሚይዝበት የማዞር ጉልበት) 20 በመቶ ያህል ሲያመነጭ፣ በ16 ወደ 10 በመቶ፣ በ64 ደግሞ ወደ 2.5 በመቶ ይወርዳል። የጠረጴዛው ሰበቃ ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ ሞተሩ ብዙ ማይክሮስቴፕ ሳይንቀሳቀስ ጠብቆ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለው ጥራት በብረቱ ላይ አይገኝም። በተጨማሪም 64 ማለት በአንድ ዙር 12800 ፐልስ ስለሆነ በደቂቃ 4500 ሚሊሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 15 ዙር ለመሄድ በሴኮንድ 192000 ፐልስ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳይንገዳገድ የሚልክ መቆጣጠሪያ ሁሉም ሰው ዘንድ አይገኝም። ለልስላሴ ከሆነ 8 ወይም 16 በቂ ነው።

ከፍ ባለ ፍጥነት ጉልበት ከፈለጉ የሚረዳው ቮልቴጅ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን በጠመዝማዛው ውስጥ ያለው ኢንዳክታንስ (የአምፔርን ለውጥ የሚቃወም ጠባይ) እና ሞተሩ ራሱ የሚያመነጨው ተቃራኒ ቮልቴጅ አምፔሩ እንዳይሞላ ያግዱታል። በሙያው የተለመደው ስሌት የኢንዳክታንሱን ስኩዌር ሩት በሚሊሄንሪ ወስዶ በ32 ማባዛት ነው፤ 4 ሚሊሄንሪ ላለው ሞተር 64 ቮልት ይሆናል ማለት ነው፤ ይህ ጣሪያው እንጂ ግዴታው አይደለም። ድራይቩ የሚችለው 50 ቮልት ከሆነ 48 ቮልት ፓወር ሰፕላይ አይስጡት፤ ጠረጴዛው ፍጥነቱን ሲቀንስ ሞተሩ ኃይል መልሶ ስለሚልክ ቮልቴጁ ከጣሪያው ሊያልፍ ይችላል። ኃይል ሳይጠፋ የሞተሩን ገመድ ከድራይቩ መንቀል ደግሞ ድራይቩን በአንድ አፍታ ይገድለዋልና ማንም እንዳያደርገው አደራ።

ጠራቢ፦

ፈተናውን እንዳዘዙኝ አደረግሁት። በ8 ማይክሮስቴፕ 200 ደርሶ መልስ 1.25 ሚሊሜትር፣ በ16 ማይክሮስቴፕ ደግሞ 0.62 ሚሊሜትር ሸሸ። ፍጥነቱን ሦስት እጥፍ ሳደርገውም ቁጥሩ አልተለወጠም። ከዚያ በመቆጣጠሪያው ውስጥ የስቴፕ ምልክቱን ገልብጬ፣ የአቅጣጫውን መጠበቂያ ጊዜ 10 ማይክሮሴኮንድ አድርጌ ወደ 8 ማይክሮስቴፕ ተመልሼ 2000 ጊዜ አመላለስሁት። የዳያሉ መርፌ ከ0.01 ሚሊሜትር በላይ አልተነቃነቀም። ለሁለት ወር ሞተሩን ስወነጅል መቆየቴ ያሳዝነኛል። የድራይቩ ሠንጠረዥም የጫፍ አምፔር መሆኑን አረጋግጫለሁ።

አሁን የቀረኝ ሰርቮው ነው።

ባለ ኢንኮደር፦

የሰርቮው ነገር የእኔ ሥራ ስለሆነ በዝርዝር ልመልስ። አስቀድሜ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ክቡን በሰዓት አቅጣጫ ቆርጠው ረጅም የሆነው ሰያፍ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲቆርጡት አጭር ይሆናል? ከሆነ ዘንጎቹ ከዘጠና ዲግሪ ተዛብተዋል ብለው አይጨነቁ። የዘንጎች መዛባት በአቆራረጥ አቅጣጫ አይለዋወጥም፤ በፍጥነትም አይጨምርም።

የእርስዎ ክብ ሞላላ የሆነው ሁለቱ ዘንጎች ትእዛዙን የሚከተሉበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ስቴፐር በትክክል እየሠራ እስካለ ድረስ ከትእዛዙ ወደኋላ የሚቀረው ከአንድ ሙሉ ስቴፕ በታች ነው፤ በእርስዎ ስክሩ ይህ ከ0.025 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ሰርቮ ግን በተፈጥሮው የሚሄደው ስህተትን እያየ ነው። የአቀማመጥ ቀለበቱ (ቦታውን እየለካ የሚያርመው የቁጥጥር ዑደት) ስህተቱን በጌይኑ አባዝቶ የፍጥነት ትእዛዝ ስለሚያወጣ፣ በአንድ ወጥ ፍጥነት ለመሄድ የግድ የተወሰነ ርቀት ወደኋላ መቅረት ይኖርበታል። ያ ርቀት ፍጥነቱ ለጌይኑ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በደቂቃ 2400 ሚሊሜትር ማለት በሴኮንድ 40 ሚሊሜትር ነው። የሰያፎቹ ልዩነት የዚህ መቅረት እጥፍ ስለሚሆን፣ የእርስዎ 2 ሚሊሜትር ልዩነት ዘንጉ 1 ሚሊሜትር ወደኋላ እንደሚቀር ይነግረኛል። ስለዚህ የአቀማመጥ ጌይንዎ በሴኮንድ 40 ነው ብዬ እገምታለሁ። በደቂቃ 300 ሚሊሜትር ሲሄድ 5 ለ40 ተካፍሎ 0.125፣ እጥፉ 0.25 ይሆናል፤ እርስዎ ሩብ ሚሊሜትር ካሉት ጋር ይገጥማል።

መፍትሔው ጌይኑን እስኪጮህ ድረስ መግፋት ሳይሆን ፊድፎርዋርድ መጠቀም ነው። ፊድፎርዋርድ የትእዛዙን ፍጥነት ስህተት እስኪፈጠር ሳይጠብቅ በቀጥታ ለፍጥነት ቀለበቱ ያቀብላል፤ 80 በመቶ ቢያደርጉት መቅረቱ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ሆኖም በመጨረሻ ያስተካክሉት፤ ሥሩ ያልጸና ቀለበት ላይ ከጨመሩት በጥግ ላይ ያለፈ እንቅስቃሴ ያመጣል። በድራይቩ ውስጥ የትእዛዝ ማለስለሻ ማጣሪያ ተከፍቶ እንደሆነም ይመልከቱ፤ እርሱም የራሱን መዘግየት ስለሚጨምር ከስቴፐር ጋር ተጣምሮ ለሚሠራ ዘንግ መዘጋት ወይም በጣም ማነስ አለበት።

አሁን ወደ ጩኸቱ ልመለስ። የኢነርሺያ ምጥጥኑን በግምት 500 በመቶ ማስገባትዎ ነው ያስጮኸው ብዬ አምናለሁ። የጠረጴዛዎን ክብደት፣ የስክሩን ርዝመትና ዲያሜትር፣ እንዲሁም በሞተሩ መረጃ ላይ ያለውን የሮተር ኢነርሺያ ይላኩልኝ።

ጠራቢ፦

አዎ፣ አቅጣጫውን ስገለብጠው ረጅሙና አጭሩ ሰያፍ ቦታ ተለዋወጡ። የአቀማመጥ ጌይኑም 40 ነው፤ ሳያዩት በማወቅዎ ተደንቄያለሁ። ጠረጴዛው 40 ኪሎግራም ይመዝናል፤ ስክሩ 20 ሚሊሜትር ዲያሜትርና 1 ሜትር ርዝመት አለው፤ የሮተሩ ኢነርሺያ 0.0001 ኪሎግራም ስኩዌር ሜትር ነው።

ባለ ኢንኮደር፦

እንግዲህ እናስላው። የጠረጴዛው ክብደት በሞተሩ ዘንድ የሚሰማው በስክሩ በኩል ነው። 5 ሚሊሜትርን ለ2 ፓይ አካፍለን፣ ስኩዌር አድርገን በ40 ኪሎግራም ብናባዛው 0.000025 ኪሎግራም ስኩዌር ሜትር ብቻ ይሆናል። ስክሩ ራሱ ግን እንደ ብረት ዘንግ ሲሰላ 0.000123 ይደርሳል። ከባድ የመሰለዎት ጠረጴዛ ለሞተሩ ከሚገፋው ስክሩ በአምስት እጥፍ ያህል ይቀልላል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሁለቱ ድምር 0.000148 ስለሆነ ምጥጥኑ 150 በመቶ ያህል ነው፤ ሞተሩንና ስክሩን የሚያገናኘው ካፕሊንግ ትንሽ ይጨምርበታል።

ድራይቩ የፍጥነት ጌይኑን ወደ ቶርክ የሚለውጠው ሮተሩንና ጭነቱን በአንድነት አስቦ ነው። በ500 በመቶ ስድስት እጥፍ፣ በ150 በመቶ ሁለት እጥፍ ተኩል ኢነርሺያ አለ ብሎ ይሠራል። ስለዚህ ለምሳሌ ማሳያው ላይ 40 ሄርዝ የሚል ጌይን በእውነቱ ወደ 96 ሄርዝ ይጠጋል። መጮሁ አያስገርምም።

ማስተካከያውን ከውስጠኛው ቀለበት ይጀምሩ። የአምፔሩን ቀለበት አምራቹ ለሞተሩ ስላዘጋጀው አይንኩት። የቶርክ ገደቡን ለጊዜው ወደ 50 በመቶ ዝቅ አድርገው፣ ጠረጴዛውን መሀል ላይ አቁመው፣ የድንገተኛ ማቆሚያውን በእጅዎ አቅራቢያ ያድርጉ። ምጥጥኑን 150 አስገብተው ፊድፎርዋርዱን ዜሮ ያድርጉ፤ ከዚያ የፍጥነት ጌይኑን ከ40 ሄርዝ ጀምረው በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ያድርጉት። ጩኸት ወይም በጣት የሚሰማ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወደ ሁለት ሦስተኛው ዝቅ ይበሉ። የኢንተግራል ጊዜው (ድራይቩ የቀረውን ስህተት እየደመረ የሚያጠፋበት ጊዜ) እና የአቀማመጥ ጌይኑ ከዚህ ቁጥር ይወለዳሉ፤ የኢንተግራል ጊዜው በሚሊሴኮንድ 4000 ለ2 ፓይና ለፍጥነት ጌይኑ ብዜት ሲካፈል ከሚገኘው ማነስ የለበትም፤ የአቀማመጥ ጌይኑ ደግሞ ከ2 ፓይ በፍጥነት ጌይኑ ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል ከሚገኘው መብለጥ የለበትም። ለ40 ሄርዝ 16 ሚሊሴኮንድና 63 ይሆናሉ። ውጪኛው ቀለበት ከውስጠኛው በብዙ ቀርፋፋ ካልሆነ ሁለቱ እርስ በርስ ይጋፋሉ።

ጩኸቱ በአንድ ቋሚ ቃና የሚሰማ ከሆነ የካፕሊንጉ ወይም የስክሩ ሬዞናንስ (በራሱ ድግግሞሽ መርገብገብ) ሊሆን ስለሚችል ኖች ፊልተሩን (አንድን ድግግሞሽ ብቻ የሚያፍነውን ማጣሪያ) በዚያ ድግግሞሽ ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ በፊት ግን የካፕሊንጉን ብሎኖች ያጥብቁ፤ የላላ ካፕሊንግን በማጣሪያ ለማከም መሞከር ሥራ ማባከን ነው።

ጠራቢ፦

ውጤቱን ይዤ ተመልሻለሁ። ምጥጥኑን ሳስተካክል ጩኸቱ ወዲያው ጠፋ። የፍጥነት ጌይኑ 90 ሄርዝ ላይ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ 60 ላይ አቆምሁት፤ የኢንተግራል ጊዜው 12 ሚሊሴኮንድ፣ የአቀማመጥ ጌይኑ 80 ሆነ። ፊድፎርዋርዱን 100 ሳደርገው በጥግ ላይ ትንሽ አልፎ ስለተመለሰ 95 ላይ ተውሁት። አሁን በደቂቃ 2400 ሚሊሜትር የተቆረጠው ክብ የሰያፎቹ ልዩነት 0.05 ሚሊሜትር ነው። የቶርክ ገደቡንም ወደ ቦታው መልሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ክቡ ላይ የዋይ ዘንግ አቅጣጫውን በሚቀይርባቸው ሁለት ቦታዎች 0.04 ሚሊሜትር የምታህል እርከን ትታያለች። ፍጥነቱን ብቀንስም ብጨምርም አትለወጥም፤ ፊድፎርዋርዱም አልነካትም።

ባለ ኢንኮደር፦

ቁጥሮችዎ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ ጌይን 80 ላይ መቅረቱ 0.5 ሚሊሜትር ነው፣ የዚያ 5 በመቶ 0.025፣ እጥፉ 0.05።

እርከኗ በፍጥነት ካልተለወጠች የጌይን ጉዳይ አይደለችም፤ ክፍተት ናት። ኢንኮደሩ (የሰርቮው ቦታ ለኪ) ያለው ሞተሩ ላይ ስለሆነ ከሞተሩ ወዲያ ያለውን ክፍተት ሊያየው አይችልም፤ ጌይኑን ምንም ቢያደርጉት አይደርስበትም። ሰርቮው ኃይል ይዞ እንደቆመ ዳያሉን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው በእጅዎ ወዲህና ወዲያ ይግፉት። መርፌው 0.04 ከተጓዘ ዳያሉን ወደ ስክሩ ጫፍ ያዛውሩና ይድገሙት። ስክሩም አብሮ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድ ከሆነ ችግሩ የጫፉ ቤሪንግ ማሰሪያ ነት ነው፤ ስክሩ ቆሞ ጠረጴዛው ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን የቦል ስክሩ ነት አልቋል ወይም ማሰሪያ ብሎኖቹ ላልተዋል። በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለውን የክፍተት ማካካሻ የሚጠቀሙት እነዚህን ካዩ በኋላ ብቻ ይሁን።